ካርድህ ግማሹን ጊዜ ቆሞ ነው የሚውለው፤ ሌላ አትግዛ

ጥያቄ፦ «ዴስክቶፔ ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰር፣ ባለ 6 ጊጋ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ፣ 16 ጊጋ ራም እና 144 ኸርዝ ሞኒተር አለው። ጌም ስከፍት መጀመሪያ ላይ በሰከንድ ከ80 እስከ 90 ፍሬም (ምስል) ያሳየኛል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ወደ 45 ይወርድና መቆራረጥ ይጀምራል፤ በተለይ ሰው የበዛበት ቦታ ስገባ። ታስክ ማናጀር ላይ ፕሮሰሰሩ 35 በመቶ፣ ካርዱ 55 በመቶ ነው የሚለው። ሁለቱም አልተጨናነቁም ማለት ነው። ዊንዶውሱን ፎርማት አድርጌያለሁ፣ ጌም ማፍጠኛ ሶፍትዌር ጭኛለሁ፣ ሴቲንጉንም ሁሉ ዝቅተኛ ላይ አድርጌዋለሁ። ምንም ለውጥ የለም። ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ልገዛ ነው፤ የቱን ትመክረኛለህ?»

የቱንም አትግዛ። የላክኸው ቁጥር ራሱ ጥፋቱ ካርዱ ጋ እንዳልሆነ እየተናገረ ነው። አሁን እጥፍ ጉልበት ያለው ካርድ ብትሰካ እዚያው 45 አካባቢ ነው የምትቀረው። የሚለወጠው ነገር 55 በመቶ የነበረው ወደ 30 በመቶ መውረዱ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ስክሪኑ ላይ የምታያት እያንዳንዷ ፍሬም በሁለት እጅ ታልፋለች። መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ያሰናዳታል፦ ማን የት ቆሟል፣ ጥይቱ ማንን መታ፣ መኪናው ከግድግዳው ጋር ተጋጨ ወይ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ መታየት ያለበት የቱ ነው። ይህን ሲጨርስ «በል ሣል» ብሎ ለካርዱ ያስተላልፋል። ካርዱ ይሥላል። ካርዱ 55 በመቶ ላይ ከሆነ የታዘዘውን ቶሎ ጨርሶ ቀጣዩን ትእዛዝ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። የፍሬም ገደብ ካልተደረገ በቀር ደህና በሚሠራ የጌም ኮምፒውተር ላይ ካርዱ ብዙውን ጊዜ ከ95 በመቶ በላይ ነው የሚሆነው። ብዙ ሰው ካርዱ 98 ሲል ይደነግጣል። መጠርጠር ያለበት ግን እንዳንተ 55 ሲል ነው።

ሁለተኛውን ማስረጃ ደግሞ ሳታስበው ነግረኸኛል። ሴቲንጉን ሁሉ ዝቅ አድርገህ ምንም አልተለወጠም። ሪዞሉሽንም በለው የምስል ጥራት፣ ዝቅ ስታደርጋቸው በአብዛኛው የሚቀለው የካርዱ ሸክም ነው። የደከመው ካርዱ ቢሆን ኖሮ ፍሬሙ ወዲያው ከፍ ይል ነበር። ከፍ አላለም። ስለዚህ ጥያቄው «የቱን ካርድ ልግዛ» ሳይሆን «ካርዴ ማንን ነው የሚጠብቀው» ነው።

«ፕሮሰሰሩ 35 በመቶ ስለሆነ አልተጨናነቀም» ያልከውም ልክ አይደለም፤ ይሄ በጣም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ያንተ 3600 ስድስት ኮር (የሥራ ክፍል)፣ 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሄድ የሥራ መስመር) አለው። ታስክ ማናጀር የሚያሳይህ የ12ቱን አማካይ ነው። አንዱ ትሬድ ብቻውን ሙሉ በሙሉ ቢጠመድ እዚያ ላይ የሚታየው 8 በመቶ ገደማ ነው። ጌም ደግሞ ሥራውን ለ12ቱ እኩል አያከፋፍልም። አንድ ዋና ትሬድ አለው፤ ሌሎቹ እሱን እየጠበቁ ነው የሚሄዱት። አሥራ አንድ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ አንዱ ብቻ እየተሸከመ «ቡድኑ ገና ጉልበት አለው» እንደማለት ነው። ግራፉን በቀኝ ክሊክ ከፍተህ በእያንዳንዱ ትሬድ እንዲያሳይህ ማድረግ ትችላለህ። ዊንዶውስ ግን ሥራውን ከኮር ኮር እያዘዋወረ ስለሆነ እዚያም 100 የሚል ላታገኝ ትችላለህ። ለዚህ ነው ከፕሮሰሰሩ ቁጥር ይልቅ የካርዱን ቁጥር የማምነው።

አሁን ከተጠርጣሪዎቹ ውስጥ ቶሎ የሚወጡትን እናውጣ። ቪ-ሲንክ (ፍሬሙን ከሞኒተሩ ፍጥነት ጋር የሚያስረው ሴቲንግ) ወይም ሌላ የፍሬም ገደብ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ላይ 90 አታይም ነበር። ሞኒተሩን ከካርዱ ይልቅ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ያንተ 3600 ግን የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው እዚያ ብትሰካው ጭራሽ ምስል አይመጣልህም። ስለዚህ በትክክል ነው የሰካኸው። ሞኒተሩ 144 ኸርዝ ቢሆንም ዊንዶውስ ውስጥ 60 ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አይተህ አስተካክለው፤ 45ቱን ግን አይቀይረውም። ፓወር ሰፕላይ ቀይር የሚልህ ሰው አይጠፋም። ፓወር ሰፕላይ ሲያቅተው ኮምፒውተሩ ድንገት ይጠፋል ወይም ሪስታርት ያደርጋል እንጂ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀስ ብሎ ወደ 45 አያወርድህም። ኢንተርኔትም አይደለም። ፍሬሙ ደህና ሆኖ ተጫዋቾቹ ከቦታ ቦታ የሚዘሉብህ ቢሆን ነበር ኔትወርኩን የምንጠረጥረው።

ከጻፍከው ሁሉ ትልቁ ፍንጭ «ከሩብ ሰዓት በኋላ» የሚለው ነው። መጀመሪያ ደህና ሆኖ እየቆየ የሚበላሽ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ነው። 3600 መነሻ ፍጥነቱ 3.6 ጊጋኸርዝ ሲሆን ሲያስፈልገው እስከ 4.2 ይወጣል። የሙቀት ጣሪያው 95 ዲግሪ ነው። ወደዚያ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ማቀዝቀዣው ጨርሶ ካልሠራለት ደግሞ ከመነሻው በታችም ይወርዳል። ጌሙ ሲከፈት ሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው የብረት ማቀዝቀዣ) ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ 90 ፍሬም ታያለህ። ሂትሲንኩ ግሎ ሙቀት መቀበል ሲያቅተው ፕሮሰሰሩ ይንቀረፈፋል፤ ካርዱም ቆሞ ይጠብቃል።

ይሄ ግምት ነው፤ ስለዚህ ለካው። እነዚህን ቁጥሮች ጌሙ ላይ የሚያሳዩትን ሶፍትዌሮች፣ ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን ከሪቫ ቱነር ጋር፣ ጫን። ጌሙ ላይ የካርዱን አጠቃቀም፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀትና ፍጥነት፣ የራሙን አጠቃቀም እና የፍሬም ጊዜ መስመሩን እንዲያሳይህ አድርግ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ተጫወት፤ ከተቻለ ያው አንድ ቦታ ላይ። ፍሬሙ ሲወርድ የፕሮሰሰሩ ሙቀት 90ዎቹ ውስጥ ገብቶ ፍጥነቱ ከ4 ወደ 3 እና ከዚያ በታች ከወረደ ነገሩ ተገኘ። ሙቀቱ 75 ላይ ሆኖ ፍጥነቱም 4 አካባቢ ከቆየ ሙቀት ነፃ ነው፤ ወደ ራሙ እለፍ።

የፍሬም ጊዜ መስመሩን ጨምር ያልኩህ ለምክንያት ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት እያንዳንዷ 16.7 ሚሊሰከንድ ትወስዳለች ማለት ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 54 ፍሬሞች በሰዓታቸው መጥተው አንዷ ብቻ 100 ሚሊሰከንድ ብትቆይ ቆጣሪው 55 ይልሃል። 55 መጥፎ ቁጥር አይመስልም። ዓይንህ ግን ያችን አንዷን ፍሬም ቁጭ ብላ ነው የሚያያት። «ፍሬሜ ጥሩ ነው፤ ግን ስታክ ያደርጋል» የሚሉ ሰዎች ችግራቸው እዚህ ነው ያለው፤ መስመሩ ላይ እንደ እሾህ ቀጥ ብሎ ይታያቸዋል።

ሙቀት ከሆነ ከመፍታትህ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ አድርግ። የኬዙን የጎን ሽፋን አውልቀህ እንደገና ግማሽ ሰዓት ተጫወት። ሙቀቱ አሥር ዲግሪ ያህል ከወረደ ችግሩ አየር ነው፤ ኬዙ ታፍኗል፣ ወይ ፋኖቹ አንሰዋል፣ ወይ ፊት ለፊቱ በአቧራ ተደፍኗል። ብዙም ካልወረደ ችግሩ ፕሮሰሰሩና ሂትሲንኩ መሀል ነው።

ሂትሲንኩን ስታይ ከላይ ከላይ አትመልከት። ፋኑ እየዞረ ነው ብለህ እንዳትተወው። ፋኑን ብቻ ከሂትሲንኩ ላይ ስታነሳው ከሥሩ፣ በብረት ክንፎቹ አናት ላይ፣ እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ ግራጫ አቧራ ልታገኝ ትችላለህ። በጣትህ ጠርዙን ይዘህ ስትስበው እንደ ጨርቅ አንድ ላይ የሚነሳ ነው። ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል፣ ይጮሃል፤ አየሩ ግን ያችን ጨርቅ አያልፍም። እጄ ላይ ከገቡት «ካርዴ ደከመ» ከተባሉ ኮምፒውተሮች ውስጥ ይህን ብቻ አጽድቼ የመለስኳቸው ጥቂት አይደሉም። አንዱ ደግሞ ከተገጣጠመ ሁለት ወሩ ነበር፤ አቧራ የሚባል የለበትም። ሂትሲንኩን ሳነሳው ከሥሩ መላጥ የነበረበት ስስ ፕላስቲክ እንደተለጠፈ ነው። «ከመግጠምዎ በፊት ይላጡ» የሚለው ጽሑፍ በሙቀት ጠቁሮ አሁንም ይነበባል። ልጁ ሁለት ወር ሙሉ ሴቲንግ ሲነካካ ከርሟል።

ስታጸዳ ኮምፒውተሩን አጥፋ፣ ገመዱንም ከግድግዳው ንቀል። በአየር ስትነፋ ፋኑን በጣትህ ያዘው፤ በነፋሱ ከመጠን በላይ እንዲሽከረከር አትልቀቀው። የቤት ማጽጃ ቫኩም አትጠቀም፤ ስታቲክ ይፈጥራል። ፓወር ሰፕላዩን ፈጽሞ አትክፈት፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። አቧራውን ማጽዳት ካልበቃና ሰርማል ፔስቱን (ፕሮሰሰሩና ሂትሲንኩ መሀል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) መቀየር ካለብህ ይህን በደንብ ስማኝ። የራይዘን 3600 እግሮች 1331 ናቸው፤ ያሉትም ፕሮሰሰሩ ላይ ነው እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ፔስቱ ደርቆ ሂትሲንኩን ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ከሳብከው ፕሮሰሰሩ ተጣብቆ ከነእግሩ ነው የሚነቀለው። እግሮቹ ከተጣመሙ ጣጣው ሌላ ነው። መጀመሪያ አንድ አሥር ደቂቃ ጌም ተጫውተህ አሙቀው፣ አጥፋው፣ ገመዱን ንቀል፣ ብሎኖቹን ፍታ፣ ከዚያ ሂትሲንኩን ቀስ ብለህ ግራና ቀኝ ጠምዝዘው። ሲላቀቅ እጅህ ላይ ይታወቅሃል። አሮጌውን ፔስት በአልኮልና በለስላሳ ጨርቅ ጥረግ። አዲሱ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ራሙ ነው። ራም ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ስለማይደክም ከሩብ ሰዓት በኋላ ያለውን መውረድ አያስረዳም። መነሻህ ራሱ ከሚገባው በታች እንዲሆንና ሰው የበዛበት ቦታ ላይ እንድትወድቅ ግን ያደርጋል። ሁለቱ ችግሮች አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ያንተ ጉዳይ እንዲያ ይመስለኛል። «16 ጊጋ» አልክ እንጂ አንድ ይሁን ሁለት አልነገርከኝም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንድ ባለ 16 ጊጋ ብቻ ከሆነ በአንድ ቻናል ነው የሚሠራው፤ በ3200 ፍጥነት በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ሁለት ባለ 8 ጊጋ በትክክል ከተሰኩ 51.2 ይሆናል። መጠኑ ያው 16፤ መንገዱ ግን ሁለት እጥፍ ይሰፋል። አራት ስሎት ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ኖረውም አጠገብ ለአጠገብ ከተሰኩ እንደ አንድ ነው የሚቆጠሩት። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር ሁለተኛውና አራተኛው ነው።

ቀጥሎ ፍጥነቱ። ታስክ ማናጀር ውስጥ የሜሞሪ ገጹን ክፈት። ራሙ ላይ 3200 ተጽፎ እዚያ 2133 ወይም 2400 ካለህ የገዛኸውን ፍጥነት አንድም ቀን አልተጠቀምክበትም። ራም ሲሰካ በራሱ በዝቅተኛው ፍጥነት ነው የሚነሳው፤ ከፍ የሚያደርገው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ያለው ኤክስኤምፒ የሚባለው ነገር ነው፤ አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ዲኦሲፒ ይባላል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት ወይም ኤፍ2 ተጭነህ ገብተህ ታበራዋለህ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በራይዘን ላይ ጥቅሙ ከሌላው ይበልጣል። 3600 ውስጥ ስድስቱ ኮሮች ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ወገን የተቀመጡ ናቸው። እርስ በርስ የሚገናኙበት መስመር ፍጥነቱ ከራሙ ጋር የታሰረ ነው። ራሙ ሲዘገይ የፕሮሰሰሩም የውስጥ መንገድ አብሮ ይዘገያል። ካበራኸው በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሳ ቢልህ አትደናገጥ። ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው ራሳቸው ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ካልተመለሰ ገመዱን ነቅለህ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥተህ መልሳት።

ፎርማት ማድረግህ ለምን እንዳልጠቀመህ አሁን ሳይገባህ አልቀረም። ፎርማት ዊንዶውሱን ነው የሚያድሰው፤ አቧራውንም፣ የራሙን ስሎትም፣ ባዮሱንም አይነካም። ይልቅ ከፎርማት በኋላ ድራይቨሩን ዊንዶውስ ራሱ በጫነልህ ላይ አትተወው፤ ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ የቅርቡን አውርድ። አዲስ ድራይቨር ሲገባ አንዳንድ ጌሞች ሼደር (ካርዱ የሚሥልባቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች) እንደገና ስለሚያዘጋጁ መጀመሪያ ባለፍክበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይቆራረጣሉ። ሁለተኛ ስታልፍ ካልደገመው ችግር አይደለም።

ጌም ማፍጠኛውን ዛሬውኑ አጥፋው። እነዚህ ሶፍትዌሮች ትልቁ ሥራቸው ራም «ማጽዳት» ነው። ራሙ ውስጥ የነበረውን አውጥተው ይጥሉታል፤ ጌሙ ሲፈልገው እንደገና ከዲስክ ያነበዋል፤ አንተ ያንን እንደ መቆራረጥ ታየዋለህ። ብራውዘርህን ሠላሳ ታብ ከፍተህ አለመተው ከነዚያ ሁሉ ይሻላል። ምንም ሳትከፍት ኮምፒውተሩ ፋኑን የሚያስጮህ ከሆነ ደግሞ ቫይረስ ፈትሽ። በተሰበረ ጌም ውስጥ ተደብቀው ገብተው ፕሮሰሰርህን ክሪፕቶ የሚያስቆፍሩ አሉ፤ አንዳንዶቹ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ወዲያው ይደበቃሉ።

ሴቲንጉንም መልሰው። ካርድህ ግማሹን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ሳለ ቴክስቸሩን (የነገሮችን ገጽታ ጥራት) ዝቅ ማድረግ ምስሉን ከማበላሸት ሌላ አይጠቅምህም፤ 6 ጊጋው እስካልሞላ ድረስ ከፍ አድርገው። ዝቅ ማድረግ ያለብህ ፕሮሰሰሩን የሚያደክሙትን ነው፦ የሕዝብ ብዛት፣ የእይታ ርቀት፣ የጥላ ርቀት። ሰው የበዛበት ቦታ ስትገባ የምትወድቀው በነሱ ነው።

ገደቡንም ልንገርህ። ፕሮሰሰርህም ካርድህም የ2019 ናቸው። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ቀላል የውድድር ጌሞች ላይ ከ100 በላይ ማየት የሚጠበቅ ነው። አዳዲስ ከባድ ጌሞች ላይ ግን 144 አትጠብቅ፤ ይህ ጥምረት ለዚያ አልተሠራም። ዲኤልኤስኤስም (ምስሉን በትንሹ ሥሎ የሚያሳድገው የኤንቪዲያ ዘዴ) የአርቲኤክስ ካርዶች ነገር ስለሆነ ያንተ ላይ የለም። ተመሳሳዩ የኤኤምዲ ዘዴ ኤፍኤስአር ግን ይሠራልሃል። እሱም ቢሆን የሚያግዘው ካርዱን ስለሆነ አሁን ላለህ ችግር መልስ አይሆንም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ዛሬ ማታ ለካ። ነገ ሂትሲንኩን አጽዳ፣ የራሙን ስሎትና ፍጥነት አስተካክል። አንድ ራም ብቻ ሆኖ ካገኘኸው መግዛት የምፈቅድልህ ብቸኛው ነገር ራም ነው፤ የሚቻል ከሆነ አብረው የታሸጉ ሁለት፣ ምክንያቱም ከተለያየ ቦታ የመጡ ራሞች ኤክስኤምፒ ላይ አንዳንዴ አይስማሙም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሙቀቱ ደህና፣ ራሙ 3200 በሁለት ቻናል ሆኖ ካርዱ አሁንም 60 በመቶ ላይ ከቀረ መቀየር ያለበት ፕሮሰሰሩ ነው። ማዘርቦርዱን ሳትቀይር ራይዘን 5 5600 ወይም ከተገኘ 5800ኤክስ3ዲ ልትሰካበት ትችላለህ፤ ማዘርቦርድህ እንደሚቀበለው መጀመሪያ ከአምራቹ ዝርዝር አረጋግጥ፣ ባዮሱንም አሮጌው ፕሮሰሰር እንዳለ አፕዴት አድርግ።

ከዚያ ሃያኛው ደቂቃ ላይ ያለውን የካርድ አጠቃቀም፣ የፕሮሰሰር ሙቀትና ፍጥነት፣ የራም ፍጥነት ጻፍልኝ። ካርዱ 97 ላይ ተቀምጦ ፍሬሙ አሁንም ካነሰህ ያኔ ስለ ካርድ እናወራለን።